ጎተራው የማን ነው? የጎጃም ገበሬና የስድሳ ዓመት የኅብረት ሥራ ታሪክ

ጥር ሲገባ ከደጀን ተነሥቶ በቢቸና፣ በደብረ ወርቅና በጉንደ ወይን አድርጎ ወደ ሞጣ የሚዘልቀው መንገድ በገበያ ቀን አህያ በአህያ ይሆናል። ጤፍ ነው፣ ስንዴ ነው፣ ገብስ ነው፣ ባቄላና ኑግ ነው። የጎንቻ ሲሶ እነሴ ወረዳ ዋና ከተማ በሆነችው ጉንደ ወይን እህሉን ለመሸጥ የመጣ ገበሬ ፊት ለፊቱ ሁለት በር አለ፤ አንዱ የእህል ነጋዴው መጋዘን፣ ሌላው የኅብረት ሥራ ማኅበሩ።

በወረቀት ላይ ምርጫው ቀላል ነው። በአገር አቀፍ ደረጃ የተሠሩ ጥናቶች እንደሚሉት ኅብረት ሥራ ማኅበሩ ለአባሉ ከነጋዴው የተሻለ ዋጋ ይከፍላል። ሆኖም አብዛኛው እህል የሚገባው በነጋዴው በር ነው። ይህን ሲያዩ ቢሮ የተቀመጡ ሰዎች አንድ የተለመደ መልስ አላቸው፤ «የግንዛቤ ችግር ነው» ይላሉ። ከዚያ ሥልጠና ይዘጋጃል፣ አበል ይከፈላል፣ ባነር ይሰቀላል። የጎጃም ገበሬ ግን ግንዛቤ አላነሰውም። እንዲያውም የበዛበት እሱ ነው። ኅብረት ሥራ የሚባለውን ነገር በሦስት መንግሥታት እጅ አይቶታል፣ ያየውንም አልረሳም።

ነገሩ የሚጀምረው በንጉሡ ዘመን ነው። በ1950ዎቹ መጀመሪያ የእርሻ ኅብረት ሥራን የሚመለከት የመጀመሪያው ድንጋጌ ወጣ፤ በዚያው አሥርት ዓመት መጨረሻ ደግሞ ሰፋ ያለ የኅብረት ሥራ ማኅበራት አዋጅ ተከተለ። በአብዮቱ ዋዜማ በመላ አገሪቱ ተመዝግበው የነበሩት ማኅበራት ወደ 150 ቢጠጉ ነው። ለጎጃም ባለርስት ይህ ሁሉ ከሩቅ የሚሰማ የአዲስ አበባ ወሬ ነበር። እሱን በዚያ ሰሞን ያሳሰበው ሌላ ነገር ነው።

በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ሥራ ገቢ ግብር አዋጅ ወጣ። የሕጉ አሳብ አሥራትን አስቀርቶ ግብርን በምርት ልክ ማድረግ ነበር፤ ለክፉም የታሰበ አልነበረም ማለት ይቻላል። ነገር ግን ምርት የሚገምት ኮሚቴ መጣ ማለት ለጎጃም ሰው መሬት የሚለካ ቀላድ መጣ ማለት ነው፤ ቀላድ ደግሞ ርስት የሚነቅል ነው። ደሞት፣ ሞጣና ቢቸና ሸፈቱ። የጠቅላይ ግዛቱ ገዥ ደጃዝማች ጸሐዩ እንቍ ሥላሴ ተነሡ፣ የጦር አውሮፕላን ሳይቀር በገበሬው ላይ ዘመተ። በመጨረሻ ያሸነፈው ገበሬው ነበር፤ ከ1942 ዓ.ም. ጀምሮ የተከማቸው ውዝፍ ግብር ተማረ። ይህ ለኅብረት ሥራ ታሪክ ምን ያደርጋል የሚል ካለ፣ ትምህርቱ ይኸው ነው። በዚህ አገር ከውጭ መጥቶ ስም የሚጽፍና ምርት የሚቆጥር ሁሉ፣ ምንም ዓይነት ስም ይያዝ፣ መጀመሪያ የሚታየው እንደ ግብር ሰብሳቢ ነው። በኋላ የመጡት ሁለት መንግሥታት ይህን ጥርጣሬ ሐሰት ነው ብለው ለማስረዳት ብዙ አልደከሙም።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የመንግሥት ሆነ። ለደቡብ ጭሰኛ ይህ ከባርነት የመውጣት ያህል ነበር። ጎጃም ላይ ግን አብዛኛው ገበሬ ትንሽም ብትሆን ርስቴ የሚላት መሬት ነበረችውና ደስታው የተደባለቀ ነበር። በየ20 ጋሻው፣ ማለትም በየ800 ሄክታሩ አንድ ገበሬ ማኅበር ተቋቋመ። ከሦስት እስከ አሥር የሚደርሱ ገበሬ ማኅበራት ተሰብስበው አንድ የአገልግሎት ኅብረት ሥራ ማኅበር አቆሙ። ጨው፣ ሳሙና፣ ስኳር፣ ነጭ ጋዝና ማዳበሪያ የሚመጣው በዚህ ማኅበር በኩል ሆነ። ከሞጣ ወይም ከቢቸና አንድ ቀን ሙሉ ተጉዞ ጨው ይገዛ ለነበረ ሰው ይህ ቀላል ጥቅም አልነበረም። እውነቱ መነገር አለበት።

ዳሩ ግን ዕቃ የሚያወርደው ያው መጋዘን እህል የሚሰበስብ ሆነ። የእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት፣ ገበሬው ባጭሩ «እርሻ ሰብል» ይለው የነበረው፣ በየዓመቱ ለእያንዳንዱ ገበሬ ማኅበር ኮታ ይጥላል፤ ማኅበሩ በየቤቱ ያከፋፍለዋል። ዋጋው በመንግሥት የተቆረጠ ነው፤ ከነጻው ገበያ ጋር ሲነጻጸር ብዙ ጊዜ ግማሹን አይሞላም። ትርፍ አምራች በሚባሉት ክፍለ ሀገሮች፣ በተለይም በጎጃምና በአርሲ፣ የግል እህል ነጋዴው እጁ ታስሮ ነበርና ገበሬው ሌላ በር አልነበረውም። ምርቱ የከሸፈበት ሰው ኮታው አይቀርለትም። ከገበያ በውድ ዋጋ ገዝቶ ለመንግሥት በርካሽ ያስገባ ገበሬ የዚያ ዘመን ቀልድ አይደለም፤ ብዙ ቦታ የሆነ ነገር ነው። ገቢ እንዴት እንደሚጨምር ሳይሆን እንዴት እንደሚቀንስ የተማረው በኅብረት ሥራ ማኅበሩ ሚዛን ላይ ቆሞ ነው።

ቀጥሎ የመጣው የአምራቾች ኅብረት ሥራ ነው። በ1971 ዓ.ም. የወጣው መመሪያ ሦስት እርከን ነበረው፤ መልባ፣ ወልባና ወላንድ። መልባ ላይ መሬት የጋራ ይሆናል፣ ለግል ጓሮ እስከ 2,000 ካሬ ሜትር ይቀራል፤ በሬና ማረሻ የግል ቢሆኑም ለጋራ ሥራ ይውላሉ። ወልባ ላይ በሬውም የጋራ ይሆናል፣ ጓሮውም ወደ 1,000 ካሬ ሜትር ይወርዳል። ወላንድ የወልባዎች ኅብረት ነው። ገቢ የሚከፈለው በሥራ ነጥብ ነው። ማለዳ ወጥቶ ያረሰና ጥላ ሥር የዋለ ሰው ነጥባቸው እምብዛም አይለያይም ነበር ይባላል። ለደጋ ገበሬ ግን ትልቁ ቁስል ነጥቡ ሳይሆን በሬው ነው። ጥማድ በሬ ያለው ሰው ከወይፈን ጀምሮ ያሳደጋቸውን፣ በስማቸው የሚጠራቸውን፣ ክረምት ከልጁ ጉርሻ ቀንሶ ያበላቸውን እንስሳት አስገብቶ፣ ባዶ እጁን ከገባው ጎረቤቱ ጋር እኩል አባል ሆነ።

ጎጃም በዚህ ዘመቻ ፊት መሪ ከተባሉት አንዱ ነበር። ደጀን አቅራቢያ ያለችው የትኖራ በአገር ደረጃ ሞዴል ሆና ጎብኚ የማይለያት ነበረች። ለአምራቾች ማኅበራት ለም መሬት ተመርጦ ተሰጥቷቸዋል፣ ብድርና ማዳበሪያ ቀድሞ ደርሷቸዋል፣ ግብርም ቀሎላቸዋል። ይህ ሁሉ ሆኖ በሄክታር የሚያገኙት ምርት በአማካይ ከግል ገበሬው አልበለጠም። በአገሪቱ ከነበረው ገበሬም ከ100 አሥሩ እንኳ አልገባበትም።

ፈተናው የመጣው በ1982 ዓ.ም. የካቲት መጨረሻ ነው። ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ቅይጥ ኢኮኖሚ ሲያውጁ አባላት ከፈለጉ ማኅበራቸውን ማፍረስ እንደሚችሉ ተነገረ። ስብሰባ የጠራ የለም፣ ሥልጠና የሰጠ የለም። ወደ 3,700 ገደማ ከነበሩት የአምራቾች ማኅበራት አብዛኞቹ በጥቂት ሳምንታትና ወራት ውስጥ ፈረሱ። መሬቱ ተከፈለ፣ በሬ የነበረው በሬውን ፈልጎ ወደ በረቱ መለሰ። በዓመቱ፣ በየካቲት 1983 የኢሕአዴግ ጦር በዘመቻ ቴዎድሮስ ጎጃምን ሲይዝና የአስተዳደሩ ክር ሲበጠስ፣ በየቦታው የአገልግሎት ማኅበራቱ መጋዘን ተዘረፈ፤ ቆርቆሮው ሳይቀር ተነቅሎ ሄደ። የዘረፉት አብዛኞቹ አባላቱ ራሳቸው መሆናቸውን ልብ ማለት ያስፈልጋል። ሰው የራሱን ጎተራ አይዘርፍም።

እዚህ ላይ አንድ የሚወደድ ንግግር አለ። «የእኛ ሕዝብ የመተባበር ባህል አለው፤ ወንፈልና ደቦ፣ ዕቁብና ዕድር እያለው ኅብረት ሥራ እንዴት ይከብደዋል?» ይባላል። ንግግሩ ያምራል፣ ግን ትልቁን ልዩነት ይዘላል። ወንፈል ሒሳብ ያዥ የለውም። ዛሬ አንተ ለእኔ ታጭዳለህ፣ ነገ እኔ ለአንተ አጭዳለሁ፤ ዕዳው በአንድ ሳምንት ይዘጋል። ዕቁብም ዙሩ ሲያልቅ ያልቃል፤ ዳኛው የሚታወቅ ሰው ነው፣ ካጠፋም ቤቱ አይጠፋም። ኅብረት ሥራ ማኅበር ግን ገንዘብህን ለዓመታት በማታየው መዝገብ፣ አንብበህ በማትረዳው ሒሳብ ላይ እንድታምን ይጠይቃል። ከደቦ ወደዚያ የሚያሻግረው የመተባበር ባህል ሳይሆን ኦዲተር ነው።

በ1837 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር ሮችዴል ከተማ 28 ሰዎች ሱቅ ሲከፍቱ ይህን ያወቁ ይመስላል። ዱቄትና ቅቤ በትክክለኛ ሚዛን፣ በእጅ በእጅ ይሸጣሉ፤ ትርፉ ለእያንዳንዱ በገዛው ልክ ይመለሳል፤ መዝገቡ ለአባል ክፍት ነው። ሱቁ የእነሱ ስለነበር ቢከስር የሚከስሩት እነሱ ነበሩ። ዛሬ በዓለም ያሉ የኅብረት ሥራ ሕጎች ያንን ነው የሚቀዱት፤ የኢትዮጵያም ጭምር።

በታኅሣሥ 1991 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 147 በቃሉ ሲነበብ ከደርጉ ጋር የሚገናኝበት ነገር የለም። አባልነት በፈቃድ ነው። አንድ አባል አንድ ድምፅ አለው። ማንም ከጠቅላላው ዕጣ ከ10 በመቶ በላይ መያዝ አይችልም። ከተጣራ ትርፍ 30 በመቶው ለመጠባበቂያ ተይዞ የቀረው ለአባላት ይከፋፈላል። አዋጁ በ2009 በሌላ ቢተካም መሠረቱ አልተቀየረም። በመሠረታዊ ማኅበራቱ ላይ ዩኒየኖች ተደራጁ፤ በምሥራቅ ጎጃም ደብረ ማርቆስ ላይ ጎዛምን፣ ሞጣ ላይ ደግሞ ሞጣ ዩኒየን ይገኛሉ።

ችግሩ ሕጉ የወጣበት ሰዓት ነው። ከሁለት ዓመት በፊት፣ በ1989 ዓ.ም.፣ የአማራ ክልል መሬት አደላድሎ ነበር። ምሥራቅ ጎጃም ይህን እንደ ትናንት ያስታውሰዋል። በድልድሉ ገበሬው በየፈርጁ ተለየ። በደርግ ጊዜ በገበሬ ማኅበር ወይም በኅብረት ሥራ ኮሚቴ ውስጥ ሥልጣን ነበረው የተባለ ሰው «ቢሮክራት» ተባለና ከአራት ጥማድ፣ ማለትም ከአንድ ሄክታር በላይ መሬት እንዳይኖረው ተወሰነ፤ ትርፉ ተወሰደ። ሊቀ መንበር ሆኖ ሰው ያስጨነቀ ነበረበት፣ አይካድም። ነገር ግን ማንበብና መጻፍ ስለሚችል ብቻ ጸሐፊ ወይም ገንዘብ ያዥ ሁን የተባለም ነበረበት። አቤት ለማለት አዲስ አበባ ድረስ የዘለቁ ገበሬዎች ነበሩ፤ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችም ለእነሱ ሰልፍ ወጥተዋል። ውሳኔው ግን ጸና።

እንግዲህ በ1990ዎቹ አንድ ባለሙያ መጥቶ «አዲስ ማኅበር እናቋቁም፤ ከመካከላችሁ የተማረና የታመነ ሰው ገንዘብ ያዥ አድርጋችሁ ምረጡ» ሲል፣ የተማረውና የታመነው ሰው ምን ያስባል? የኅብረት ሥራ ማኅበርን ገቢ የሚወስኑት ዋጋና ማዳበሪያ ብቻ አይደሉም፤ ማን ኮሚቴ ለመሆን ይደፍራል የሚለውም አለ። ይህ በየትኛውም ቢሮ ሪፖርት ውስጥ አይገኝም። አቅም ያለው ሰው ከኋላ ሲቀመጥ ወንበሩን የሚይዘው ወይ የቀበሌው ሹም የወደደው ነው፣ ወይ የሚያጣው የሌለው።

አሁን ወደ ገቢው። በ1997 ዓ.ም. ገደማ በመላ አገሪቱ በተሰበሰበ መረጃ ላይ ታንጊ በርናርድ፣ አለማየሁ ስዩም ታፈሰና እሌኒ ገብረ መድኅን (በኋላ የምርት ገበያውን የመሠረቱት) አንድ በብዙ የሚጠቀስ ጥናት ሠርተዋል። በዚያን ጊዜ ከቀበሌዎች ውስጥ ኅብረት ሥራ ማኅበር የነበራቸው 35 በመቶ ገደማ ነበሩ፤ አባል የሆነው አነስተኛ ገበሬ ደግሞ ከ100 ዘጠኝ ያህል። አባል የሆነ ገበሬ በአካባቢው ማኅበር ከሌለውና በሌላው ነገር ሁሉ ከሚመስለው ገበሬ ይልቅ ለእህሉ ከ7 እስከ 9 በመቶ የሚበልጥ ዋጋ አግኝቷል። ለገበያ የሚያወጣው የምርት ድርሻ ግን በአማካይ አልጨመረም። ጠለቅ ብለው ሲያዩት አማካዩ ሁለት ነገር ደብቆ ነበር፤ ሰፋ ያለ ምርት ያለው አባል ብዙ ሸጠ፣ አነስተኛው ደግሞ ቀድሞ ከሚሸጠው ቀነሰ።

ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ «እንግዲያው ለድሃው አልጠቀመም» ይላል። የችኮላ ፍርድ ነው። አራት ኩንታል ጤፍ ሸጦ ዕዳውን ይከፍል የነበረ ሰው ዋጋ ሲሻለው በሦስት ኩንታል ተኩል ያንኑ ዕዳ ከዘጋ፣ ግማሿ ኩንታል እቤት ቀረች። ልጆች በሏት። የብር ገቢ ብቻ የሚቆጥር ሰው ይህችን ግማሽ ኩንታል አያያትም። ሐምሌና ነሐሴን ያለ ብድር እህል የተሻገረች እናት ግን ታውቃታለች።

ነገር ግን ጥቅሙን ከመጠን በላይ ማግዘፍም አይገባም። ለሒሳብ እንዲመች አንድ ገበሬ ስድስት ኩንታል አወጣ፣ የነጋዴው ዋጋ በኩንታል 5,000 ብር ነው እንበል። ስምንት በመቶ ማለት በኩንታል 400፣ በጠቅላላው 2,400 ብር ነው። ጥሩ ገንዘብ ነው፤ ሕይወት የሚቀይር ግን አይደለም። ለገበሬው ትልቁ ልዩነት ያለው በሁለቱ በሮች መካከል ሳይሆን በሁለቱ ወቅቶች መካከል ነው፤ በጥርና በሐምሌ። ጥር ላይ ሁሉም ይሸጣል። የመሬት ግብር አለ፣ የማዳበሪያ ዕዳ አለ፣ የቁጠባና ብድር ተቋሙ ሰው ደጅ ይመጣል፣ ሰርጉም በጥር ነው። ዋጋ ወደ ታች ይወርዳል። እህሉን እስከ ክረምት ማቆየት የቻለ ሰው የሚያገኘው ብዙ ጊዜ ከዚያ ስምንት በመቶ ይበልጣል። ያንን የሚያገኘው ግን መጋዘንና የሚታገሥ ገንዘብ ያለው ነው፤ እሱም ነጋዴው ነው።

ማኅበሩ ይህን እንዳይሠራ የሚያስረው ጥሬ ገንዘብ ማጣት ነው። እህል የሚገዛበትን ብድር ከባንክ ሲጠይቅ ኦዲት የተደረገ ሒሳብ አምጣ ይባላል። ኦዲት የሚያደርገው የመንግሥት ባለሙያ ብዙ ወረዳ ላይ ለብዙ ማኅበር አንድ ሁለት ሰው ነው፤ ተራው ሲደርስ ዓመት ያልፋል። ኦዲት ሳይደረግ ትርፍ አይከፋፈልም፤ ትርፍ ያላየ አባል እህሉን አያመጣም። ብድሩ ተፈቅዶ ሲደርስ ደግሞ ጥር አልፏል።

ነጋዴው በዚህ መካከል ሁልጊዜ እንደ ጅብ መሣሉ ትክክል አይደለም። በሚዛን የሚሰርቅ አለ፣ እሱን ገበሬው ራሱ ይነግርሃል። ግን በክረምት ልጅ ሲታመም መቶ ብር የሚያበድረው እሱ ነው፣ ሌሊትም ቢሆን በሩ ይንኳኳል። ማኅበሩ ያመጣው ትልቁ ለውጥ ምናልባት በራሱ ሚዛን ላይ የማይታየው ነው። ትክክለኛ ሚዛን ያለው ሌላ ገዥ በሚገኝበት ገበያ ነጋዴው በቁናም በኪሎም እንደ ልቡ መሆን ይከብደዋል፤ ከዚህ ደግሞ አባል ያልሆነውም ይጠቀማል። አባል ለመሆን የዕጣ ገንዘብ ያጣው ድሃ፣ ባሏ የሞተባትና ስሟ ያልተመዘገበው ሴት፣ ከማኅበሩ ያገኙት ነገር ካለ በአብዛኛው ይኸው ነው።

ያው ነገር በማዳበሪያው በኩል ሲመጣ ግን ማኅበሩን ይጎዳዋል። በ1990ዎቹ መጨረሻ የግል አስመጪና አከፋፋዮች ከገበያው ወጥተው ማዳበሪያ በዩኒየንና በመሠረታዊ ማኅበር ብቻ የሚሰራጭ ሆነ። ዳፕና ዩሪያ፣ በኋላም በዳፕ ፈንታ ኤንፒኤስ፣ ለአባልም ላልሆነም በአንድ ዋጋ ይሸጣል። እንግዲህ የዕጣ ገንዘብ አዋጥቶ አባል የሆነ ሰው በምን ተለየ? ማኅበሩም ዓመቱን ሙሉ የሚሠራው የመንግሥትን ማዳበሪያ ማራገፍ፣ ማደልና ዕዳውን መሰብሰብ ሆነ። የመንግሥት ወኪል የሆነ መጋዘን ደግሞ የጎጃም ገበሬ ያውቃል፤ ከዚህ በፊት አይቶታል።

ማዳበሪያ በብድር ሰጥቶ ዋጋን መተው ምን እንደሚያመጣ በ1994 ዓ.ም. ታይቷል። ምርት ጥሩ ነበር፣ የበቆሎ ዋጋ ግን ወደቀ፤ የተሰበሰበው ማዳበሪያውን አልከፈለም፤ ዕዳ ለመዝጋት ከብት የሸጠው ብዙ ነው። በ2014 ደግሞ የዩክሬን ጦርነት የዓለምን ዋጋ ሲያንረው የማዳበሪያው ዋጋ ከእጥፍ በላይ ዘለለ። በዓመቱ፣ በ2015 ክረምት መግቢያ፣ በገንዘብም የሚገኝ አልሆነም፤ ከጎጃም የተነሡ ገበሬዎች ባሕር ዳር ድረስ ሄደው ጮኹ። ግዥውን የወሰነው የፌዴራል መንግሥት ነው፤ ገበሬው ቆሞ የጠበቀውና የተናደደው ግን በማኅበሩ ደጅ ነው። ብዙ ሳይቆይ፣ ሐምሌ ላይ፣ ክልሉ ጦርነት ውስጥ ገባ፤ የምሥራቅ ጎጃም መንገዶችም በየጊዜው የሚዘጉ ሆኑ። እህል ከመሠረታዊ ማኅበር ወደ ዩኒየን፣ ከዩኒየን ወደ ገዥ የሚሄድበት ሰንሰለት በመኪና የሚንቀሳቀስ ነውና መንገድ ሲዘጋ መጀመሪያ የሚቆመው እሱ ነው። የነጋዴው አህያ በጓሮ ታልፋለች።

ለጥሩ መላ የሚሆን ሕግ አለ። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የመጋዘን ደረሰኝ አዋጅ እህሉን መጋዘን ያስገባ ሰው ደረሰኙን አስይዞ እንዲበደር ይፈቅዳል። ገበሬው ጥር ላይ ደረሰኝ ይይዛል፣ በደረሰኙ ተበድሮ ግብሩንና ዕዳውን ይከፍላል፣ እህሉን ሐምሌ ላይ ይሸጣል። ደረሰኙ ግን በአብዛኛው ከምርት ገበያው ትልልቅ መጋዘኖች አልፎ ወደ ቀበሌ አልወረደም። ይህ እስኪሆን ድረስ በጉንደ ወይን ገበያ ሁለት ኩንታል ጤፍ ጭኖ የመጣው ሰው መጀመሪያ የሚያደርገው አንድ ነው። አህያውን እንደጫነ ማኅበሩ በር ላይ ይቆምና «ገንዘብ አላችሁ ወይ?» ብሎ ይጠይቃል። «የሚመጣው ሳምንት» ካሉት ወደ ነጋዴው ይነዳል፤ ግብሩ ሳምንት አይጠብቅም።